የሚያንኳኳው የቤንዚን ፖምፓ

የአንድ ቤት ሀብት በመሬትና በከብት፣ በጌጥና በልብስ ብቻ የሚቈጠር አይደለም። ቤተ ሰቡን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ፣ ወደ ሠርግና ወደ ለቅሶ፣ የታመመውንም ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስ አውቶሞቢል በደጁ የቆመለት ሰው፣ ይህንኑ ከሀብቱ መካከል አስገብቶ ሊጠብቀው ይገባል። ከአባት ለልጅ የተላለፈ አሮጌ አውቶሞቢል ሲሆንማ ጥበቃው እጥፍ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ በእጅ ያለውን አሮጌውን በደኅና መያዝ ለብዙ ቤት የግድ ሆኗል።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን፣ ካርቡራቶር ባላቸው አሮጌ አውቶሞቢሎች ላይ ስለሚገኘው የቤንዚን ፖምፓ፣ ይልቁንም ይህ ፖምፓ ማንኳኳት በጀመረ ጊዜ እንዴት እንደሚመረመርና እንዴት እንደሚለወጥ ለተከበራችሁ አንባቢዎቻችን እናስረዳለን። ይህ የመካኒክ እንጂ የባለቤት ጉዳይ አይደለም የሚል ሰው ቢኖር፣ መልሳችን አጭር ነው። መካኒክ መፍቻውን ይዞ የሚመጣው ከተጠራ በኋላ ነው፤ ድምፁን አስቀድሞ የሚሰማው፣ ሽታውንም አስቀድሞ የሚያሸተው ግን የቤቱ ሰው ነው።

ምክሩን ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪዎች ለይተን መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህም ማለት፣ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት የሚወጣ አውቶሞቢል በዚህች አጭር ጉዞ ከ600 ሜትር የማያንስ ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል አድርጎ ወደ አሥመራ የሚያልፈው የመኪና መንገድ ከተሠራ ወዲህ፣ ኮምቦልቻም ወደ ባቲና ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ አሰብ ለሚወርደው መንገድ መገንጠያ ከሆነች ወዲህ፣ ይህን ዳገት ያልሞከረው የሞተር ዓይነት የለም ማለት ይቻላል።

ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ፖምፓ ቤንዚንን የሚስበው በራሱ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ በማጠራቀሚያው ላይ ያለው አየርም ቤንዚኑን ወደ ፖምፓው ይገፋዋል። አየሩ ሲሳሳ ይህ አጋዥ ይደክማል። ከዚህም በላይ ቤንዚን በስስ አየርና በሙቀት ፈጥኖ ስለሚተን፣ በቱቦው ውስጥ ተን ይሞላና ፖምፓው ቤንዚን መሳቡ ቀርቶ ተን ሲስብ ይገኛል። ስለዚህ በሜዳ ላይ ድካሙ ያልታወቀ ፖምፓ በሐረጎ ዳገት እኩሌታ ላይ ይታወቅበታል።

የፊተኞቹ አውቶሞቢሎች ብዙዎቹ ፖምፓ አልነበራቸውም። ኢትዮጵያ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ባየችበት ወራት፣ ቤንዚንን ከፍ ካለ ሥፍራ አኑሮ በገዛ ክብደቱ ወደ ካርቡራቶር እንዲወርድ ማድረግ የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 በአሜሪካ የተሠራው ሞዴል ቲ የተባለው የፎርድ አውቶሞቢል ማጠራቀሚያው ከወንበሩ በታች ነበር። ቤንዚኑ ባነሰ ጊዜ ቀጥ ያለ ዳገት ሲገጥመው፣ ሞተሩ ከማጠራቀሚያው በላይ ስለሚሆን ቤንዚኑ መውረድ ያቅተው ነበር፤ ነጂዎቹም አውቶሞቢሉን አዙረው ወደ ኋላ እየነዱ ዳገቱን ይወጡት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ መጨረሻ በኋላ በሞተሩ ኀይል የሚሠራው ፖምፓ እየተስፋፋ ስለ ሄደ፣ ይህ ችግር ቀርቷል።

የዚህ ፖምፓ አሠራር ቀላል ነው። በሞተሩ ውስጥ ካምሻፍት የሚባለው ዘንግ በዞረ ቍጥር አንዲት ማንሻ ክንድ ይገፋል። ክንዷም ዲያፍራም የሚባለውን ስስ የላስቲክ ሽፋን ትስባለች፤ ያን ጊዜ ቤንዚን በአንዲት ባልቮላ ገብቶ ክፍሉን ይሞላል። ክንዷ ስትለቀው፣ ከበታቹ ያለው ሞላ ሽፋኑን መልሶ ይገፋዋል፤ ቤንዚኑም በሁለተኛይቱ ባልቮላ ወጥቶ ወደ ካርቡራቶር ይሄዳል። የካርቡራቶሩ ሳሕን ሲሞላ መርፌው መግቢያውን ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ሽፋኑ ካለበት አይነቃነቅም፤ ክንዷ ግን ያለ ሥራ መወዝወዟን አታቋርጥም። እንግዲህ ክንዷ ያለ ሥራ በምትወዛወዝበት ጊዜ ከዘንጉ ሳትለይ እንድትቆይ የምትደግፋት ሌላ ትንሽ ሞላ አለች። ይህች ሞላ ስትደክም ወይም ስትሰበር፣ ክንዷ ከዘንጉ እየራቀች ትመለስበታለች፤ ቀጭ ቀጭ የሚለውም ድምፅ ከዚህ ይወለዳል። የክንዷ መያዣ ካስማ ሲበላ፣ ፖምፓውን ከሞተሩ ጋር የሚያጣብቁት ብሎኖች ሲላሉ፣ ወይም ከሥሩ የሚነጠፈው ጓርኒሲዮን ውፍረቱ ሲዛባ ደግሞ ይኸው ድምፅ ይሰማል።

ድምፅ ግን ክስ እንጂ ማስረጃ አይደለም። የፖምፓው ምት የሞተሩን ዙር እኩሌታ ይከተላል፤ የሞተሩ ባልቮላዎችም እንዲሁ የዙሩን እኩሌታ ስለሚከተሉ፣ የሁለቱ ድምፅ ይመሳሰላል። በዚህ ምክንያት ፖምፓው አጥፍቶ ባልቮላው የተቀጣበት ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ምስክሩን መስማት ይገባል። አንደኛው መንገድ፣ ረዘም ያለ ደረቅ እንጨት አንዱን ጫፍ በፖምፓው አካል፣ ሌላውን ጫፍ በጆሮ አጠገብ አድርጎ ማዳመጥ ነው፤ ይህም ሲደረግ ነጠላና እጅጌ ወደሚሽከረከረው ቀበቶ እንዳይጠጉ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛውና የታመነው መንገድ፣ ፖምፓውን ፈትቶ ቀዳዳውን በጠፍጣፋ ብረት መክደን፣ የቤንዚኑን ቱቦ መድፈን፣ በካርቡራቶሩ ሳሕን ውስጥ በቀረው ቤንዚን ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ ማስነሣት ነው። ድምፁ ከጠፋ ጥፋተኛው ፖምፓው ነው፤ ካልጠፋ ፖምፓው በነጻ ይለቀቅና ምርመራው ወደ ሌላ ይዞር።

ከድምፁ ጋር ሽታ ከተሰማ ግን ነገሩ ከባድ ነው። ሽፋኑ የተቀደደ ፖምፓ ቤንዚኑን በሁለት መንገድ ያፈሳል። በአካሉ ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ወደ ውጭ ቢያፈስ፣ በጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል፤ ይህም እሳት ነው። ወደ ውስጥ ቢያፈስ ደግሞ ከሞተሩ ዘይት ጋር ይቀላቀላል፤ ዘይቱ ይቀጥናል፣ መጠኑ ሳይጨመርበት ከፍ ይላል፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ ተስቦ ሲሸተት ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ይህ በታየ ጊዜ ሞተሩን ማስነሣት አይገባም፤ የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት አይለይምና ሞተሩ ራሱን ይበላል።

በደሴ ከሚኖሩ ወዳጆቻችን ቤት የሆነውን ለምሳሌ እንንገራችሁ። አውቶሞቢላቸው ከአባት የተወረሰች ቮልስ ናት። ይህች ቮልስ ዋገን በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራላት፣ የመጨረሻይቱም በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር ከፋብሪካ የወጣች እንደ ሆነች ይታወቃል። ባለቤቱ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ማንኳኳቷን ሰምተው፣ ባልቮላዋ መስተካከል ያስፈልገዋል ብለው ነበር። ተስተካከለ፤ ድምፁ ግን እንደ ነበረ ቀረ። በዚያው ሰሞን አሮጊት እናታቸው ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱበት ቀን ስለ ደረሰ፣ ሌሊት ተነሥተው በቮልሷ ወደ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ሊያወርዷቸው ተሰናዱ።

በዋዜማው ማታ የቤቱ እመቤት መካኒኩን አስጠሩት። «ልጄ፣ የማንኳኳቱን ነገር እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከበስተኋላ የቤንዚን ሽታ ይሸተኛል፤ እናቴን በዚህች መኪና አላሳፍርም» አሉት። ባልየው «ሽታው ከድሮም ነበረ፤ አሮጌ መኪና ይሸታል» ቢሉም፣ እመቤቲቱ አልተመለሱም። ወጣቱ መካኒክ የዘይቱን መለኪያ ስቦ አየና ለእመቤቲቱ አቀረበላቸው። «እትዬ፣ እርስዎ ያሉት ትክክል ነው። ዘይቱ ከልኩ በላይ ሆኗል፤ እኔ ግን ባለፈው ስለካው በልኩ ነበር። የጨመረው ቤንዚን ነው» አላቸው። እናቲቱ በነጋታው በሌላ ሰው አውቶሞቢል ተጓዙ፤ ቮልሷም በግቢ ቆማ ፖምፓዋና ዘይቷ ተለወጠ። ሽፋኑ ሲወጣ ከዳር እስከ እኩሌታው ተሰንጥቆ ተገኘ። የቤት እመቤት አፍንጫ ያዳነውን ሞተር፣ ምናልባትም ያዳነውን ነፍስ፣ አንባቢዎቻችን ራሳችሁ ገምቱት።

አሁን ወደ መለወጡ ሥራ እንመለስ። ሥራው የሚሠራው ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ በግቢ ውስጥ ነፋስ በሚያገኘው ሥፍራ እንጂ በተዘጋ ቤት አይደለም። የቡና ከሰል፣ ምድጃ፣ ሲጋራና ሻማ በአቅራቢያው እንዳይኖር ያስፈልጋል። የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ አስቀድሞ ይፈታ። የማጠራቀሚያው ደረጃ ከፖምፓው ከፍ የሚል ከሆነ፣ ቱቦው በተነቀለ ጊዜ ቤንዚኑ በራሱ መውረዱን አያቆምም፤ በቮልስም እንዲህ ይሆናል። ስለዚህ የመግቢያው ቱቦ እንደ ተነቀለ ወዲያው በልኩ በሆነ ንጹሕ ብሎን ወይም በእርሳስ ይደፈን። የቱ መግቢያ፣ የቱም መውጫ እንደ ሆነ ከመነቀሉ በፊት ምልክት ይደረግበት።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ማሰሪያዎች ተራ በተራ ጥቂት ጥቂት እየላሉ ይፈታሉ፤ አንዱን ጨርሶ ሌላውን መጀመር ክንዷን ያጣምማታል። አሮጌው ጓርኒሲዮን ሲፋቅ ፍቅፋቂው ወደ ሞተሩ እንዳይገባ፣ ቀዳዳው በንጹሕ ጨርቅ ይከደን። አዲሱ ፖምፓ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ተይዞ ይመርመር፤ የክንዷ ርዝመትና ቅርጽ፣ የመግቢያውና የመውጫው አቅጣጫ አንድ መሆን አለበት። በገበያ ላይ መልካቸው የሚመሳሰል፣ ልካቸው ግን የማይመሳሰል ብዙ ፖምፓዎች አሉ። በሚገጠምበት ጊዜ ዘንጉ ክንዷን በማይገፋበት አኳኋን እንዲሆን ሞተሩ በእጅ ጥቂት ይዙር፤ ያን ጊዜ ፖምፓው ያለ ትግል ይቀመጣል። ክንዷ በዘይት ትታበስ፤ ጓርኒሲዮኑም ፋብሪካው ባዘዘው ውፍረት ይሁን። ከልኩ የወፈረ ቢሆን ክንዷ በሙሉ ስለማትገፋ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ከልኩ የሳሳ ቢሆን አብዝታ ስለምትገፋ ሽፋኑ ቶሎ ይቀደዳል።

የቮልስ ባለቤቶች አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ይበሉ። በዚህች አውቶሞቢል ፖምፓውን የምትገፋው ከሥሩ የቆመች ቀጭን የብረት ዘንግ ናት። የፊተኛው ዓይነት ፖምፓ ዘንግ 108 ሚሊ ሜትር፣ የኋለኛው ዓይነት ደግሞ 100 ሚሊ ሜትር ርዝመት አላት። ፖምፓውን ለውጦ ዘንጓን ሳያመሳስሉ መግጠም አዲሱን ሽፋን ወዲያው ማስቀደድ ነው። ዘንጓ ከነጓርኒሲዮኑ ተለክታ፣ ወደ ላይ በተገፋች ጊዜ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ብቅ ማለት አለባት። ከሥር ያለውን መቀመጫ ከማንሣት በፊትም ዘንጓ ተስባ ትውጣ፤ ወደ ሞተሩ ውስጥ ከወደቀች ትንሹ ሥራ ትልቅ ሥራ ይሆናል።

ፖምፓው ሲለወጥ አሮጌዎቹን የላስቲክ ቱቦዎች መልሶ መግጠም አይገባም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ይሸጥ በነበረው ቤንዚን ውስጥ በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተሠራ ኤታኖል በመቶ 5 እጅ መቀላቀል እንደ ተጀመረ የሚታወስ ነው። ከብዙ ዘመን በፊት የተሠሩ ላስቲኮች ለእንዲህ ያለው ድብልቅ የተዘጋጁ ስላልሆኑ ያብጣሉ ወይም ይሰነጣጠቃሉ። እንግዲህ ሽፋኑም ቱቦዎቹም ኤታኖልን የሚችሉ ዓይነት መሆናቸውን ጠይቆ መግዛት ብልኅነት ነው። ሁሉም ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ሞተሩ ይነሣ፤ በየመጋጠሚያው ደረቅ ነጭ ጨርቅ እየነኩ እርጥበት መኖሩን ማየት፣ ሞተሩም ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ሁለተኛ መመርመር ያስፈልጋል። ወደ ሐረጎ መውረድ ከዚህ በኋላ ነው።

አንዳንድ ሰዎች በሞተሩ የሚሠራውን ፖምፓ አውጥተው በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ያስገባሉ። ይህ የተከለከለ አይደለም፤ ነገር ግን ሦስት ነገሮች ካልተጠበቁ አደጋ ነው። ፊተኛው፣ የግፊቱ ልክ ነው። ካርቡራቶር የሚችለው አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.4 ባር የሚደርስ ግፊት ነው፤ ለአዲሶቹ ሞተሮች የተሠራው ፖምፓ ግን ከ2 ባር በላይ ይገፋል። ይህን በካርቡራቶር ላይ የገጠመ ሰው፣ መርፌው ግፊቱን ስለማይችል ቤንዚኑ ሞልቶ በሞተሩ ላይ ይፈስበታል። ሁለተኛው፣ አውቶሞቢሉ ቢገለበጥ ወይም ሞተሩ ቢጠፋ ፖምፓውን የሚያቋርጥ ማጥፊያ መኖር አለበት፤ የኤሌክትሪኩ ፖምፓ ሞተሩ ቆሞም ቢሆን ቤንዚን መግፋቱን አይተውምና። ሦስተኛው፣ ቦታው ነው። ይህ ፖምፓ ከመሳብ ይልቅ መግፋት ስለሚቀናው ከማጠራቀሚያው አጠገብ ዝቅ ብሎ፣ ከሥሩ ላስቲክ ተነጥፎለት ይቀመጥ፤ ያለ ላስቲክ ከተገጠመ መኪናውን ሁሉ ከበሮ ያደርገዋል። የኤሌክትሪኩ ፖምፓ ከወትሮው ይልቅ መፍጠንና መጮኽ ከጀመረም ቤንዚን ማነሱን ወይም ቱቦው አየር ማስገባቱን ይናገራል እንጂ ሁልጊዜ ራሱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

በዳገት ላይ ሞተር ሲደክምም ሁሉን በፖምፓ ማሳበብ አይገባም። አውቶሞቢሉ ከኮምቦልቻ ሙቀት ተነሥቶ ሲወጣ ቆሞ፣ ጥቂት ካረፈ በኋላ በደኅና ከተነሣ፣ ነገሩ በቱቦው ውስጥ የሞላው ተን ሊሆን ይችላል፤ ቱቦውን ከጋለው ብረት ማራቅ ይበቃ ይሆናል። ጥቁር ጭስ እያጨሰ ከደከመም፣ በስስ አየር ምክንያት ቤንዚኑ ከአየሩ ይልቅ በዝቶ የካርቡራቶሩ ልክ መስተካከል የሚያስፈልገው ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን ሳይለዩ ሁሉን መፍታት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደ ተባለው ነው።

በመጨረሻ ለቤት እመቤቶችና ለቤት አባቶች የምናሳስበው፣ ከፖምፓው ሥራ ስለሚተርፈው ቤንዚን ነው። በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቶ በጓዳ ማስቀመጥ በብዙ ቤት ይታያል፤ ሕፃን ልጅ ግን ጠርሙሱን እንጂ በውስጡ ያለውን አያውቅም። ጠጥቶ የተገኘ ልጅ ቢኖር እንዲያስታውከው ማስገደድ አይገባም፤ ቤንዚኑ ሲመለስ ወደ ሳንባ ይገባልና ጉዳቱ ይብሳል። ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። በአፍ ስቦ ከማጠራቀሚያ ቤንዚን ማውጣትም በዚሁ ምክንያት የተወገዘ ልማድ ነው። ቤንዚን ቢቀጣጠል ውሃ አይደፋበትም፤ ቤንዚን በውሃ ላይ ተንሳፎ እሳቱን ያሰፋዋል፤ አሸዋና የደረቅ ዱቄት እሳት ማጥፊያ ግን ያፍነዋል። አንድ ትንሽ እሳት ማጥፊያ በአውቶሞቢሉ ውስጥ የሌለው ቤተ ሰብ ከፖምፓው በፊት እርሱን ይግዛ።

ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ስለ እንዲህ ያለው ነገር ነው። ፖምፓ ከሞተር፣ ሞተርም ከሰው ነፍስ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ጥቂት ነው። ድምፁን የሰማ ይጠይቅ፤ ሽታውን ያሸተተ ያቁም፤ የቤቱ ሰው፣ እመቤትም ትሁን ልጅ ወይም አገልጋይ፣ ይሸተኛል ባለ ጊዜ ቃሉ ሳይናቅ ይመርመርለት።